ሽታ ያለው ጽጌረዳ ከአጥሩ ውጭ ነው

ሆለታ አካባቢ በአንድ የአበባ እርሻ ውስጥ ጽጌረዳ እየለየሁ በማሰር ሠርቻለሁ። አበቦቹ ውብ ናቸው፤ ግንዳቸው ቀጥ ያለ፣ እንቡጣቸው የደነደነ። ወደ አፍንጫ ሲጠጉ ግን አብዛኞቹ ምንም አይሸቱም። ዝርያዎቹ ከውጭ የመጡ ናቸው፤ የተመረጡትም ረጅም ጉዞ ችለው በገዢው ቤት እንዲሰነብቱ ነው።

ከእርሻው አጥር ውጭ ቀጋ ነበር። ውሃ የሚያጠጣው፣ ማዳበሪያ የሚሰጠው አልነበረም። ባበበ ጊዜ ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ ያለፈ ሰው ሽታው ከሩቅ ይቀበለዋል፤ ጣፋጭ ሆኖ ትንሽ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል። እኔ ከዚህ የሚበልጥ የአበባ ሽታ አላውቅም።

ቀጋ ራሱ ጽጌረዳ መሆኑን ስናገር የሚገረሙ ብዙዎች ናቸው። አምስት ነጭ የአበባ ቅጠሎች፣ መሐላቸው ቢጫ፣ ግንዱ ላይ እንደ መንጠቆ የጎበጠ እሾህ። ከሰሃራ በስተደቡብ ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅል የዱር ጽጌረዳ እርሱ ብቻ ነው። እንግሊዛዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ጆን ሊንድሊ እ.ኤ.አ. በ1820 ስለ ጽጌረዳዎች ባሳተመው ሥራ ውስጥ ሮዛ አቢሲኒካ በሚል ስም ይገኛል።

ሀገሩ ደጋ ነው። ከወይና ደጋው ላይኛ ክፍል ተነሥቶ እስከ 3,300 ሜትር ገደማ ይወጣል፦ በእንጦጦ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ደን ዳር። ባሌ ዲንሾ ላይ ኒያላዎቹ በቁጥቋጦው መካከል ሲዘዋወሩ ይታያሉ። ቆላ አይወርድም፤ ቢሆንም ከቀይ ባሕር ማዶ በየመንና በሳዑዲ ዓረቢያ የአሲር ተራሮች ላይ እንደገና ይገኛል፤ እዚያም ከፍታውና ቅዝቃዜው ይስማማዋል። በዚያ በኩል የምትኖሩ ወገኖቼ ወደ ተራራው ከወጣችሁ ፈልጉት፤ የሀገራችሁ ተክል ነው።

ፍሬውን የገጠር ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ሲቀላ ተቀጥፎ፣ ውስጡ ያለው ዘርና ጠጉር ተጠርጎ ይበላል፤ ጠጉሩ ጉሮሮ ይከረክራል።

የሚያሳዝነኝ እንደ ተራ እሾህ እየተመነጠረ በቦታው የሽቦ አጥር መተካቱ ነው። በየግቢያችን ከውጭ የመጣ ቁጥቋጦ በገንዘብ ገዝተን እንተክላለን። ቀጋ ከቁራጭ ይበቅላል፤ ከጠነከረ ግንድ ቆርጣችሁ ክረምት ሲገባ ትከሉት። ልብስና እጅ ስለሚይዝ ከመተላለፊያ አርቁት፤ ለአጥር ጥግ ግን ከእርሱ የተሻለ አይገኝም።