እሑድ ማታ

የአባባን ካልሲ ሳወልቅለት ላስቲኩ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቦይ ሠርቶ አገኘሁት። በጣቴ ጫን አደረግኩት፤ ጎድጉዶ ቀረ፣ ቶሎ አልሞላም። ሐሙስ ከኩላሊት እጥበት ሲወጣ እኮ ጫማው ሰፍቶት ነበር።

የእኛ ቀን ሰኞና ሐሙስ ነው። ሐኪሙ ገና ከጅምሩ «በሳምንት ሦስቴ ነው መሆን ያለበት» ብሎናል። እሺ ብለን ወጣንና ኮሪደሩ ላይ ከእህቴ ጋር በስልክ ሒሳቡን ስንሠራ ሁለቴ ላይ ቆምን። ከአባባ ጎን ያሉትም ሁለቴ ናቸው፤ ብሩ ሲጎድል አንዴ የሚመጡም አሉ።

ትናንት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ በፈረንጆቹ 2011 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት አነበብኩ። በሳምንት ሦስቴ የሚታጠቡ 32,065 ሕሙማንን ወስደው ሞት የሚበዛው በየትኛው ቀን እንደሆነ አይተዋል። ሁለት ቀን ሳይታጠቡ ከርመው በሚመጣው ቀን ሞቱ ይበዛል፤ ለ100 ሰው በዓመት ሲሰላ 22.1 ሞት፣ በሌሎቹ ቀናት 18.0። ኩላሊት ማስወጣት ያቃተው ውኃና ፖታሲየም የሚባለው ከምግብ የሚገባ ማዕድን ሲጠራቀም ልብ አይችለውም።

እኔን የያዘኝ ግን ቁጥሩ አይደለም። «ረጅሙ ክፍተት» የሚሉት ሁለት ቀን ነው! ጣቴን እያጠፍኩ ቆጠርኩ። ማክሰኞ፣ ረቡዕ፦ ሁለት። ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ፦ ሦስት። የእነሱ ረጅሙ የእኛ አጭሩ ነው። እዚያ ከ1972ቱ ሕግ ወዲህ የእጥበቱን ወጪ በአመዛኙ መንግሥት ይሸፍናል፤ እኛ ዘንድ እህቴ ከዱባይ ትልካለች።

እርግጥ ጥናቱ የሆነውን ቆጠረ እንጂ ሰዎቹን በዕጣ ከፍሎ አልሞከረም። ይህንን ለራሴ ደጋግሜ ነገርኩት። የካልሲው ምልክት ግን ያው እዚያው ነው።

አባባ ውኃውን በቡና ሲኒ ነው የሚለካው። መምህር ስለነበር ይሆናል፣ አንድ ሲኒ በጠጣ ቁጥር ካላንደሩ ላይ በእርሳስ ይጭራል። ዛሬ ከልኩ አላለፈም። እማዬ ሽሮውን አቅጥና ነበር የሠራችው፤ «ሽሮ አይቆጠርም» ይላል። ልከራከረው አልኩና ተውኩት። በፖታሲየሙ ምክንያት ሙዙም ብርቱካኑም ተከልክሏል፣ ድንቹ እንኳ የተቀቀለበት ውኃ ተደፍቶ ነው የሚቀርብለት።

ሰኞ ጠዋት ሚዛን ላይ ከመውጣቱ በፊት ስንት ኪሎ እንደጨመረ እንወራረዳለን። ባለፈው ሦስት ኪሎ ከአራት መቶ ነበር። ነርሷ «ጋሼ፣ ኮትዎን ያውልቁ እንጂ» ስትለው «እሱ እኮ ነው የከበደው» ብሎ አሳቃት።

ከእራት በኋላ ለእህቴ ደወልኩ። ሦስተኛውን ቀን ለአንድ ወር እንኳ እንሞክረው አልኳት። ዝም አለች። ቆይታ «እስቲ ደሞዝ ይግባ» አለችኝ።

ወደ መኝታ ቤቱ ስገባ አባባ አልተኛም።

«ለነገ ስንት ገመትክ?»

«ሁለት ተኩል።»

«ከሦስት አያንስም» አለና እግሩን ትራሱ ላይ ሰቀለ።