ኮረም ለለንደን፣ ካርቱም ለእኛ

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ከኮረም ያሳየው የረሃብ ዘገባ ዓለምን አስለቀሰ። የተረከው ማይክል በርክ፣ የቀረጸው ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን ነበር። ኮረም ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች። ዘገባው ለወገን እርዳታ አስገኝቷል፣ ለዚህ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ነገር ግን ረሃቡን «መጽሐፍ ቅዱሳዊ» አለው። ይህን የሰማ የለንደን ሰው ዝናብ የነፈገውን ሰማይ እንጂ ሰው የሠራውን ጥፋት አያስብም። በሰሜን ጦርነት ነበር። መንገድ የዘጋው፣ ገበያ የበተነው፣ እህል እንዳይንቀሳቀስ ያደረገው ጦርነቱም ጭምር ነው። ድርቅ ብቻውን ያን ያህል ሰው አይጨርስም።

ምክንያቱ ለምን ይቀራል? አንደኛ፣ ካሜራ የተራበ ሕፃን ያሳያል፤ መንገድ ይዘጋ የሚል ትእዛዝ ግን አይቀረጽም። ሁለተኛው ደግሞ የአጻጻፉ ነገር ነው። እንደ ሮይተርስና ኤኤፍፒ ያሉ የዜና ወኪሎች ትኩሱን ከላይ፣ መነሻውን ከታች ያደርጋሉ። ቦታ ወይም ሰዓት ያጠረው አዘጋጅ ከታች ይቆርጣል። የሚቆረጠው እንግዲህ «ለምን» የሚለው ነው።

እኛም ሱዳንን ስንዘግብ ያንኑ እንደግማለን፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ተኩስ ሲከፈት ወሬው ሁሉ «የሁለት ጄኔራሎች ጠብ» ሆነ። ከጠቡ ሥር ግን ቁጥር ያለው ክርክር ነበር፦ ፈጥኖ ደራሹ የሚባለው ከጦሩ ውጭ ያለ የታጠቀ ኃይል ከመከላከያ ጋር የሚዋሃደው በስንት ዓመት ይሁን? ጦሩ በ2 ዓመት ይጠናቀቅ አለ፣ ፈጥኖ ደራሹ 10 ጠየቀ። በዚህ ላይ ማን ማንን ያዝዛል የሚለው አለ። ይህን ያልሰማ የደሴ አድማጭ ተኩስ አቁሙ ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚፈርስ አይገባውም።

ስለዚህ የውጭ ዜና የምትተረጉሙ ወገኖቼ፣ መጀመሪያ የወኪሉን ዜና እስከ መጨረሻው አንብቡ። ከታች ያለውን መነሻ አንሥታችሁ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር አድርጉት፤ ከዚያ በኋላ ቢቆረጥም ከመግለጫውና ከማውገዙ ይቆረጥ። ቀኑን ከፈረንጆች ወደ እኛ ስትቀይሩም ተጠንቀቁ፤ ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ማግስት ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ድረስ የአንድ ቀን ልዩነት ይመጣል። በግሪንዊች የተጻፈ ሰዓት ላይ 3 ደምሩና በእኛ አቆጣጠር 6 ቀንሱለት፤ የግሪንዊች 9፡00 ለእኛ ከቀኑ 6፡00 ነው።