ልጆቹ ወጥ ቤት ገብተዋል

ነሐሴ 14

ቡሄ ትናንት አለፈ። ኮሪደሩ ላይ እስካሁን የቃጫ ብጥስጣሽ አለ። ጾሙ ሊፈታ ሁለት ቀን ስለቀረው ዛሬ ቅቤ የማነጥርበት ቀን ነው። ልጆቹ ይህን አውቀው ከእኔ ቀድመው ወጥ ቤት ገብተዋል። የእኛ ኮንዶሚኒየም ወጥ ቤት ደግሞ ለሁለት ሰው እንኳን ይጠባል። ሦስት ሆነን ስንሠራ ፍሪጁ የሚከፈተው አንዳችን ስንወጣ ነው።

ክረምት ለእናት ረጅም ነው። ትምህርት ቤት ዝግ፣ ደጁ ጭቃ፣ ከሰዓት በኋላ ዝናብ። ሐምሌ ላይ ልጆቹ ቴሌቪዥን ላይ ተጥደው እንዳይውሉ ብዬ በስልኬ የእጅ ሥራ ቪዲዮ ስፈልግ ነበር። ባለቀለም ወረቀት ተገዛ፣ ኮላ ተገዛ፣ የሚያብለጨልጭ ዱቄት ሳይቀር ተገዛ። (ምንጣፉ እስከ ዛሬ ያብለጨልጫል።) አንድ ቀን የጨው ሊጥ አቦካን። ሁለት ብርጭቆ ዱቄት፣ አንድ ብርጭቆ ጨው፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ። ለቢጫው እርድ፣ ለቀዩ የቀይ ሥር ውሃ ጨመርንበት። ኮከብም ዓሣም ወጣው፤ ለዓይን ደስ ይላል። ትንሹ ግን ሠርቶ ሲጨርስ «እማ፣ ይሄ መቼ ነው የሚበላው?» አለኝ። አይበላም ስለው ፊቱ ቅጭም አለ። እናቴ ሶፋው ላይ ሆና «እውነቱን ነው እኮ፤ ዱቄት ነው» አለች።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ሳሰላስለው ከረምኩ። ልጆች ቤቱ የሚፈልገውን ሥራ እነሱን ዝም ለማሰኘት ከተፈጠረው ሥራ ይለያሉ። የወረቀቷ ቢራቢሮ ሩብ ሰዓት አታቆያቸውም። «ኮረሪማ ፈልፍሉልኝ» ካልኳቸው ግን በቃ እስክላቸው አይነሱም። ምክንያቱም ኮረሪማው የእውነት ነው። ነገ ተነገ ወዲያ ዶሮው ውስጥ ይገባል፤ «እኔ ነኝ የፈለፈልኩት» ይባልበታል።

ለዛሬው ቅቤ ትልቋ ኮረሪማውን ፈለፈለች፣ ትንሹ የኮሰረቱን ቅጠል ከእንጨቱ ለየ። ዓይኑን በእጁ እንዳያሽ ብዬ ሚጥሚጣና በርበሬ አላስነካውም። እሳቱ ጋም ማንም አይደርስም፤ እሱ ላይ ድርድር የለም።

አሠራሬን እዚህ ላስቀምጠው፤ እናቴ በቁጥር ስለማትነግረኝ ጎኗ ቆሜ እየለካሁ የጻፍኩት ነው። ሁለት ኪሎ ለጋ ቅቤ በቀዝቃዛ ውሃ እያሸሁ፣ የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ አጥበዋለሁ። ከዚያ ወፍራም ድስት ላይ፣ በጣም ቀዝቀዝ ባለ እሳት። ሲቀልጥ የተቀጠቀጠ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ የአውራ ጣት ያህል ዝንጅብል፣ አንድ ጭብጥ ኮሰረት፣ የዚያን ግማሽ በሶብላ፣ ታምሶ የተወቀጠ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ኮረሪማ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እርድና ትንሽ አብሽ ይገባበታል። አብሹ ከበዛ ይመራል፤ በጣት ቆንጠር አድርጎ መተው ነው።

ዋናው ጥያቄ መቼ ይውጣ የሚለው ነው። እኔ ድሮ አረፋውን ነበር የማየው። እናቴ ደግሞ ጀርባዋን ሰጥታ ሽንኩርት እየላጠች «አሁን አውጪው» ትላለች። ምን አይታ እንደሆነ ስጠይቃት «ምን አያለሁ፤ እሰማዋለሁ እንጂ» አለችኝ። እውነትም ቅቤው ውስጥ ያለው ውሃ እስኪያልቅ ድረስ ድስቱ ያወራል። ውሃው ሲያልቅ ድምፁ ይረግባል፣ አረፋው ይሳሳል፣ የድስቱ ወለል ይታያል። ከዚያ በላይ ከቆየ ከታች የዘቀጠው ይጠቁርና ቅቤው ያርራል። አውርዶ ትንሽ አቀዝቅዞ በጥሩ ማጥለያ ማጥለል ነው። የሚገለበጥበት ዕቃ ጠብታ ውሃ እንኳን ሊኖርበት አይገባም።

የዛሬው ችግር ግን ሌላ ነበር። ሁለቱም ጿሚ ናቸው፤ ትንሹ ዘንድሮ የመጀመሪያው ነው። ቤቱ በቅቤ ሽታ ታውዶ ጣት መላስ የለም። «ቢሸተኝስ ጾሜን እፈታለሁ?» ብሎ ጠየቀኝ። ማሽተት አይከለከልም አልኩት። ከዚያማ አፍንጫውን ከማጥለያው ላይ ማን ያንሳው!

ለጾሙ የሠራንላቸው ዳቦ ቆሎ ነው ያቆያቸው። በክረምት ከልጅ ጋር የሚሠራ አንድ ነገር ብቻ ምረጪ ብባል እሱን እመርጣለሁ። አራት ብርጭቆ ፉርኖ ዱቄት፣ ግማሽ ብርጭቆ ዘይት፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ በርበሬ። በርበሬ ለማይችል ልጅ ይቀራል። ዘይቱ መጀመሪያ ከደረቁ ዱቄት ጋር በደንብ ይታሻል፤ ዳቦ ቆሎው ጥርስ ላይ ፍርክስ የሚለው በዚህ ነው። ቀጥሎ ውሃው ጠብ እየተደረገ ጠንከር ያለ ሊጥ ይሆናል። አንድ ብርጭቆ ውሃ ላያስፈልግም ይችላል። ሩብ ሰዓት ተሸፍኖ ይረፍ።

አሁን የልጆቹ ተራ ነው። ሊጡን በመዳፋቸው እያድቦለቦሉ የእስክሪብቶ ውፍረት ያለው ገመድ ያደርጉታል፤ ከዚያ በመቀስ ሽንብራ ሽንብራ የሚያክል እየቆረጡ ዱቄት የተነሰነሰበት ትሪ ላይ ይጥሉታል። መቀሱን ያዩት ቀን ሁለቱም ጉድ አሉ። በመቀስ የሚሠራ ምግብ! የአንዱ ቁራጭ ትልቅ፣ የሌላው ትንሽ ይሆናል፤ ትንንሾቹ ቀድመው እንዳያሩ ለይቼ ነው የማምሰው። ምጣዱ መካከለኛ ሙቀት ላይ፣ ያለ ዘይት፣ እጅን ሳያሳርፉ ማማሰል ነው። ቡናማ ሆኖ ሲነካ ኮሽ ካለ ደርሷል። መብራት ከሌለ ጋዝ ላይ በብረት ድስትም ይሆናል። ሙሉ በሙሉ ሳይበርድ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ከገባ ግን በእንፋሎቱ ይልመጠመጣል። በደንብ የደረቀ ለሳምንታት አይበላሽም ይባላል፤ እኛ ቤት ያን ያህል ቆይቶ ስለማያውቅ ምስክር መሆን አልችልም።

ስለ ቡሄም ትንሽ ልጻፍ። ሙልሙሉን ከነገ ወዲያ ቢሆን ኖሮ ቅቤና ወተት ባስገባሁበት ነበር፤ ቡሄ ግን ሁሌም ፍልሰታ ጾም ውስጥ ነው፣ ስለዚህ በዘይት ነው። ለአንድ ኪሎ ዱቄት አንድ የሾርባ ማንኪያ እርሾ፣ ትንሽ ስኳርና ጨው፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ከግማሽ ሊትር ትንሽ ያለፈ ለብ ያለ ውሃ። በዚህ ብርድ ሊጥ ኩፍ አልል ሲለኝ ዕቃውን ክዳን አድርጌ በጋቢ እጠቀልለዋለሁ። ልጆቹ ሞላላ ሞላላ አድርገው ጋገሯቸው፤ መልካቸው አንድ ዓይነት አልነበረም፣ ማንም ግን አልመለሰም። ለነገሩ ዘንድሮም «ሆያ ሆዬ» ብለው የመጡት ልጆች ከሙልሙሉ ይልቅ ብሩን ነው የሚያዩት። አልፈርድባቸውም። እኔ ግን ብሩንም ሙልሙሉንም አንድ ላይ ነው የምሰጠው፤ ብር ብቻ ከሆነ ቡሄነቱ ምኑ ላይ ነው?

እናቴ ለልጆቹ ስታጫውታቸው፣ እረኞቹ በደብረ ታቦር በታየው ብርሃን ምክንያት የመሸባቸው ስላልመሰላቸው ሜዳ ቆዩ፣ ወላጆቻቸውም ችቦ አብርተው ዳቦ ይዘው ሊፈልጓቸው ወጡ አለቻቸው። ችቦውም ሙልሙሉም ከዚያ የመጣ ነው። ትንሹ ወዲያው «ታዲያ ጅራፉስ?» አለ። ጅራፉ የባለቤቴ ክፍል ነው። ቃጫ ገዝቶ መጥቶ ኮሪደሩ ላይ ከልጁ ጋር ሲገምዱ አመሹ። መያዣው ጋ ወፍራም፣ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ መሆን አለበት። ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ሲሄድ ነው ጯ የሚለው። ባለቤቴ ይህን ሲያስረዳ ልጁ አልሰማውም፤ ጅራፉን ይዞ ደረጃውን ወርዷል።

ቤት ውስጥ ኳስ ስለሚከለከል ደግሞ የካልሲ ኳስ ሠርተናል። ጓደኛው የጠፋ ካልሲ የማያጣ ቤት የለም። ውስጡ ቁርጥራጭ ጨርቅ ጥቅጥቅ ብሎ ይገባል፣ አፉ ይሰፋል፣ ሌላ ካልሲ ይደረብበታል፣ በክር ይጠፈራል። መስኮት አይሰብርም፣ ታች ፎቅ ያሉትንም አይረብሽም። እኛ በልጅነታችን የተጫወትንበት ነው፤ አዲስ ነገር የለውም።

ከልጆች ጋር መሥራት ጊዜ አይቆጥብም። አንድ ሰዓት የሚፈጀው ሁለት ሰዓት ይሆናል፣ ወለሉም ዱቄት በዱቄት። ሥራ ውዬ በመጣሁበት ማታ ደግሞ «ውጡልኝ» ብዬ በሩን እዘጋለሁ። እናቴ ይህን ስታይ «አሁን ያስቸግሩሽ፤ ኋላ ያግዙሻል» ትለኛለች። እሷ በእኛ ጊዜ እንዲህ ትታገሥ እንደነበር አላስታውስም፤ የማስታውሰው ማማሰያውን ነው።

የክረምቱን ትንንሽ ነገሮችም እዚሁ ልጨምር፤ በየዓመቱ እየረሳሁ እንደ አዲስ እጠይቃለሁና። የራሰ ጫማ ውስጥ ጋዜጣ ጠቅጥቆ ማሳደር፣ ሲርስ መቀየር። እሳት አጠገብ ማድረቅ ሶሉን ይነቅለዋል። ወፍራም ልብስ ከታጠበ በኋላ በደረቅ ፎጣ ጠቅልሎ መጭመቅ፤ ግማሽ ቀን ያተርፋል። ነጠላ ላይ የጧፍ ሰም ከፈሰሰ በእጅ ፈቅፍቆ ከላይና ከታች ሶፍት አድርጎ በለብታ ካውያ መተኮስ፤ ሰሙን ሶፍቱ ይመጠዋል። እንጀራ ትኩሱን ፌስታል ውስጥ ማስገባት ሻጋታን መጥራት ነው፤ በደንብ ይብረድ። ነቀዝ የሚፈራበት ዱቄት፣ ፀሐይ በሌለበት በዚህ ወር፣ ፍሪዘር ውስጥ ጥቂት ቀን ይክረም። ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር በአቼቶና በውሃ ሲፈላ ይለቃል። አቼቶን ከበረኪና ጋር ግን በፍጹም! መርዛማ ጋዝ ያወጣል። የግድግዳውን ሻጋታ ለማጽዳት ሁለቱን የሚቀላቅሉ ሰዎች አይቻለሁ።

ለእንቁጣጣሽ ሦስት ሳምንት ገደማ ቀርቷል። ትልቋ ከግቢው ሴቶች ልጆች ጋር «አበባየሆሽ» ልምምድ ጀምራለች። ከበሮ ስለሌለ የዘይት ጀሪካን ነው የሚመታው። ትንሹ ደግሞ የሥዕል ፋብሪካ ከፍቷል። አንዱን ሥዕል መስኮት መስተዋት ላይ ለጥፎ በላዩ ሌላ ወረቀት እያደረገ ብርሃኑን እየተከተለ ይገለብጣል። ፀሐይ፣ አደይ አበባ፣ ከታች «እንኳን አደረሳችሁ»። ማጣበቂያውን ከዱቄት አፍልቼ ሰጠሁት፤ አንድ እጅ ዱቄት፣ አራት እጅ ውሃ፣ እስኪወፍር ማማሰል። ለደብተር መሸፈኛም ይሆነናል። የሚቆየው ሁለት ሦስት ቀን ነው፣ ከዚያ ይኮመጥጣል። ይሄኛውን ዱቄት «መቼ ይበላል» ብሎ አልጠየቀም።

ሥዕሎቹን ለማን እንደሚሰጥም ዝርዝር አውጥቷል። መጀመሪያ አራተኛ ፎቅ ያሉት፤ አምና ሃምሳ ብር ሰጥተዋል። ቀጥሎ ጥበቃው፣ እሱ ከረሜላ አይጠፋውም። ከዚያ አክስቱ። ወረቀቱን እስከ ታች አነበብኩት፤ እኔና አባቱ የለንበትም።