አደባባይ ላይ ረድፍ የሚያዘው ከመግባት በፊት ነው

መንጃ ፈቃድ ስናወጣ ስለ አደባባይ የሚነገረን አንድ ነገር ነው። ውስጥ ላለው፣ ማለትም ከግራ ለሚመጣው፣ ቅድሚያ ስጥ። ትክክል ነው። ግን ይህ ብቻውን የሚበቃው መኪና አንድ በአንድ ተከታትሎ ለሚዞርበት አደባባይ ነው። አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ ላይ መኪና ጎን ለጎን ነው የሚዞረው። እዚያ ማን በየትኛው ረድፍ ገብቶ የት እንደሚወጣ ካላወቃችሁ ቅድሚያ ማወቃችሁ ብቻውን አያድናችሁም። ይህን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ቀላሉን ቶሎ ልበለው። ወደ ቀኝ የምታጠፉ ከሆነ የቀኙን ረድፍ ያዙ። ወደ ግራ ከሆነ ወይም ዞራችሁ ልትመለሱ ከሆነ አደባባዩ መሃል ወዳለው ሐውልት የሚጠጋውን የውስጥ ረድፍ ያዙ። ለቀጥታ፣ አስፋልቱ ላይ ቀስት ካለ ቀስቱን እመኑ። ማሰልጠኛ ውስጥ «ቀጥታም ቢሆን በውስጥ ግቢ» ተብዬ ነበር። አልስማማም። ቀስቱ ከፈቀደ ለቀጥታ የቀኙ ይሻላል፣ ስትወጡ የምታቋርጡት ሰው የለም። ከመውጫችሁ በፊት ያለውን መውጫ እንዳለፋችሁ የቀኝ ፍሬቻ አብሩ። መውጫው ካመለጣችሁ አንድ ዙር ጨምሩ። ጊዜ አይፈጅም።

ከባዱ መውጣት ነው። የመንገድ መሐንዲሶች እንደሚቆጥሩት አራት መንገድ የሚገናኝበት ተራ መስቀለኛ 32 የግጭት ነጥብ፣ ማለትም የመኪኖች መስመር የሚገናኝበት ወይም የሚቋረጥበት ቦታ፣ አለው፤ ባለ አንድ ረድፍ አደባባይ ግን 8 ብቻ። ሁለተኛ ረድፍ ሲጨመር ቁጥሩ እንደገና ይወጣል። የሚጨመረውም በብዛት መግቢያና መውጫ ላይ ነው። እኔ የተመታሁትም እዚያው ነው።

ከካዛንቺስ በቤተ መንግሥቱ በኩል ወደ አራት ኪሎ ወጥቼ ወደ ፒያሳ እየሄድኩ ነበር። ግራ ስለሆነ የውስጡን ረድፍ ይዤ ገባሁ። የቀበናውን መውጫ አለፍኩ፣ የስድስት ኪሎውን አለፍኩ። የቀኝ ፍሬቻ አበራሁ፣ ስፖኪዮ አየሁ፣ ዞር ብዬም አየሁ። ባዶ ነበር። ወደ ውጪው ረድፍ ወጥቼ ቀጥ ካልኩ በኋላ ከስድስት ኪሎ በኩል የመጣ ሚኒባስ ፍሬን ሳይነካ ገባና የቀኝ የኋላ በሬን መታው። የኋላ በር መሆኑን ልብ በሉልኝ። ፊት ለፊቱ እያለፍኩ ነበር ማለት ነው።

ሹፌሩ ወርዶ «እህቴ፣ አንቺ እኮ ነሽ ከውስጥ የመጣሽብኝ» አለ። ይህ አላናደደኝም፤ ሰው ሲደነግጥ ብዙ ይላል። ያናደደኝ ትራፊኩ ነው። መጣና መኪኖቹን ሳያይ «ተስማሙና መንገዱን ልቀቁ» አለን። ፕላን ይነሳ፣ ማለትም የግጭቱ ሁኔታ በንድፍ ይሳል፣ አልኩ። ከኋላ ክላክሱ አይጣል ነው። አንድ አባት ከእግረኛ መንገዱ ላይ «ልጄ፣ ላሜራ ነው፣ ተይው» ብለው ለመኑኝ። በቅንነት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ተይው በተባለ ቁጥር ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳይነገር ይቀራል፤ ሚኒባሱም በማግስቱ እንደዚያው ይገባል።

ከዚያ ትራፊኩ እስከ ዛሬ የሚያበግነኝን ነገር ተናገረ። «ለምን ከውስጥ ረድፍ መጣሽ? ቀኝሽን ይዘሽ ብትዞሪ ይህ አይደርስም ነበር።»

«ወንድሜ፣ ወደ ግራ የሚሄድ ሰው ቀኙን ይዞ ይዞራል እንዴ?» አልኩት። መልስ የለም።

ይህ ምክር የእሱ ብቻ ቢሆን እተወው ነበር። ጓደኞቼም ዘመዶቼም ይህንኑ ይሉኛል፦ ቀኝሽን ይዘሽ ዙሪ፣ ማንም አይነካሽም። አትስሟቸው። በውጪው ረድፍ ሙሉውን የሚዞር መኪና በየመግቢያው የቆመውን ሁሉ ያግዳል፤ ከውስጥ ሊወጣ ያለውን ሁሉ መንገድ ይዘጋበታል። ከጎኑ ያለው ደግሞ «ይሄ አሁን ይወጣል» ብሎ ሲገባ ይጋጫሉ። ኔዘርላንድ ውስጥ ቱርቦ የሚባል አደባባይ የተሠራው ይህን ለማስቀረት ነው። ረድፉ የሚመረጠው ከመግባት በፊት ነው፤ ውስጥ ከተገባ በኋላ ከፍ ብሎ የተሠራ መለያ ወደ ሌላ ረድፍ መሻገር አያስችልም። እኛ ዘንድ መለያው ቀለም ነው፤ ቀለሙን የሚያስከብረው ደግሞ ትራፊኩ ነው። እሱ ካላመነበት ማን ያምንበታል?

ከብዙ ጥበቃ በኋላ ፕላኑ ተነሳ። ሁለታችንም ጥፋተኛ ተባልን። የበሩን ማሠሪያ ግማሹን ከኪሴ ከፈልኩ። ገንዘቡ አይደለም የቆጨኝ፤ ሕጉን ጠብቄ ከጣሰው እኩል መቆጠሬ ነው።

ስለዚህ የእኔ ምክር ይህ ነው። «ግጭት ሲደርስ ቶሎ መንገድ ልቀቁ» ይባላል። የተጎዳ ሰው ከሌለ መጀመሪያ ፎቶ አንሱ፣ ከዚያ ልቀቁ። በሩን ብቻ ሳይሆን ጎማችሁን ከረድፉ መስመር ጋር፣ የእሱን መኪና ከመግቢያው ጋር አንሱ። እኔ ፎቶ ስለነበረኝ ነው ግማሹ እንኳ የተረፈልኝ።

መንዳቱንም ልምምድ ይፈታዋል። እሁድ በጠዋት መኪና ሳይበዛ ሂዱና ያንኑ አደባባይ ደጋግማችሁ ዙሩ። እኔ ፍርሃቴ የለቀቀኝ እንደዚያ ነው፤ አሁን በሥራ መውጫ ሰዓትም የውስጡን ረድፍ በልበ ሙሉነት እይዛለሁ። መውጫው ላይ እግረኛ ዜብራ እያቋረጠ ከሆነ፣ ወይም ሚኒባስ «ወራጅ አለ» ተብሎ ሊቆም ከሆነ፣ ጭራችሁ አደባባዩ ውስጥ ይቀራል። ከፊት ካለው መኪና ርቀት ያዙ። ረድፋችሁንም አራት ኪሎ ደርሳችሁ አትፈልጉ፤ ገና ሐውልቱ ሲታያችሁ ያዙት። አፉ ላይ ስትደርሱ ቀስቱ በቆሙት መኪኖች ተሸፍኗል።

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ሥራው ሲጀመር መንገዱ ሲሰፋና ሲስተካከል ደስ ብሎኝ ነበር። አሁንም ደስ ይለኛል። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ፕላን የሚያነሱ ሰዎች የረድፉን መስመር ፕላኑ ላይ ይሳሉት። የእኔ ፕላን ላይ ሁለት መኪናና አንድ ክብ ነበር፤ ረድፍ የሚያሳይ አንድም መስመር አልነበረበትም።