«እንጃ» እና «አላውቅም»

ትናንት ማታ የፖስት-ዶክ (ከዶክትሬት በኋላ የሚሠራ ምርምር) ማመልከቻዬ መልስ መጣ። አልተሳካም። ኢሜይሉ «በጣም ብዙ ማመልከቻዎች ደርሰውን ነበር» ብሎ ሲጀምር ቀሪውን ማንበብ አያስፈልግም ነበር። እኔ ግን አነበብኩት።

ያበሸቀኝ ከሥሩ የተያያዘው አስተያየት ነው። አንደኛው ገምጋሚ የሕግ ሰው መሆኑ ያስታውቃል፤ «ሕጉ የታለ?» ይላል። ሌላኛው የቋንቋ ጥናት ሰው ሳይሆን አይቀርም፤ «ዘዴው የታለ?» ይላል። የማመልከቻ ጥሪው ኢንተርዲሲፕሊነሪ፣ ማለትም ሙያዎችን የሚያጣምር ምርምር፣ ብሎ ጋብዞኝ ከሁለት ያጣ ጎመን ሆኜ ቀረሁ።

ርዕሴ የችሎት አስተርጓሚዎች ናቸው። መነሻዬ በጆሮዬ የሰማሁት ነገር ነው። ምስክሩ ጥያቄ ሲቀርብለት ትንሽ ዝም አለና «እንጃ» አለ። አስተርጓሚው በችሎቱ ቋንቋ «አላውቅም» ብሎ አስተላለፈው። መዝገቡም እንደዚያው ያዘው። «እንጃ» ውስጥ ማመንታት አለ፤ አንዳንዴም «ተዉኝ» አለበት። «አላውቅም» ግን በሩን ጥርቅም ያደርገዋል። ይግባኝ ሰሚው ዳኛ የሚያገኘው የተዘጋውን በር ነው። ይህን ከሕግ አንቀጽ ብቻ እንዴት አድርጌ ላውጣው?

ከሕግ ትምህርት ቤት ወጥቶ ሰው ማነጋገር አዲስ ነገር አይደለም። የሕግ መምህሩ ስቱዋርት ማካውሌይ የዊስኮንሲን ነጋዴዎችን አነጋግሮ፣ ሲጋጩ ብዙ ጊዜ ውሉን ሳይገልጡ እንደሚስማሙ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። እሱ ግን ማንን እንዳነጋገረ መናገር ይችላል። እኔ ያለኝ አንዲት የማስታወሻ ደብተር መስመር ናት።

ዛሬ ንዴቴ በረድ ሲል የአውሮፓ ኅብረት ለተመራማሪዎች የሚሰጠውን የምርምር ድጋፍ፣ የማሪ ኩሪ ፌሎሺፕን፣ መመሪያ ከፈትኩ። ዶክትሬት ከያዙ 8 ዓመት ያላለፋቸውን ይቀበላል፤ እኔ ገና 3 ዓመቴ ነው። ከቀነ ገደቡ በፊት ባሉት 36 ወራት ውስጥ በተቀባዩ አገር ከ12 ወር በላይ መኖር አይፈቀድም፤ እሱም አያሰጋኝም። የቆምኩት ሌላ ቦታ ላይ ነው። አመልካቹ ከተቀባዩ ተቋም ምን እንደሚማር፣ በምላሹ ምን እንደሚያስተምር ይጠየቃል። እኔ ደግሞ ፕሮፖዛሌን የጻፍኩት ሁለቱንም ሙያ ጨርሼ እንደማውቅ ሆኜ ነው። አማካሪ ብዬ የመረጥኩትም ሌላ የሕግ ሰው። ምን ሊያስተምረኝ ኖሯል?

ስለዚህ ለአንዲት የቋንቋ ጥናት ፕሮፌሰር ጻፍኩላቸው። እምብዛም ተስፋ አላደረግኩም ነበር፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ መለሱልኝ። ምስጋናም ማበረታቻም የለበትም፣ አንድ ጥያቄ ብቻ፦ «ድምፁ አለዎት ወይስ መዝገቡ ብቻ?»

መዝገቡ ብቻ። መዝገቡ ላይ ደግሞ «እንጃ» የሚል ቃል የለም።

የችሎት ቅጂዎችን ለማዳመጥ ለፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር የፈቃድ መጠየቂያ ደብዳቤ መጻፍ ጀምሬያለሁ። አንደኛው አንቀጽ አልቋል።