አተላው ስር ያለው ፕሮቲን

ልጅ ሆኜ እናቴ ጠላው አልቆ ጋኑ ስር የቀረውን አተላ ለላማችን ስትወስድላት፣ ላሟ ከሩቅ ሸቷት ገመዷን ትወጥረው ነበር። ለምን እንደዛ እንደምትወደው የገባኝ አሁን ቢሾፍቱ ዶሮ ማርባት ከጀመርኩ በኋላ ነው። አተላ ውስጥ ከእህሉ ትርፍ ጋር የዘቀጠ እርሾ አለ፣ እርሾ ደግሞ ሲደርቅ ግማሽ ያህሉ ፕሮቲን ነው!

ዶሮ የሚያረባ ሰው ያውቀዋል፣ በቆሎው እንደምንም ይገኛል፣ ኪስ የሚያራቁተው ፕሮቲኑ ነው፣ የኑግ ፋጉሎውና አኩሪ አተሩ። ወንጂ ደግሞ ከ1946 ዓ.ም ጀምሮ ስኳር ይመረታል፣ ስኳሩ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ሞላሰስ ራሱ ግማሽ ያህሉ ስኳር ነው፣ እርሾ ደግሞ ስኳር እየበላ ነው የሚራባው። ጀርመኖች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከውጭ የሚገባ መኖ ሲቋረጥባቸው ያደረጉት ይሄንኑ ነው፣ በሞላሰስና በአሞኒያ ጨው እርሾ አራቡ።

እኔም በ20 ሊትር ባልዲ ሞከርኩት። ሞላሰሱን በውሃ አቅጥኜ አፈላሁት፣ ሲበርድ የዳቦ እርሾ ጨመርኩ፣ ፕሮቲን የሚሰራበት ናይትሮጅን እንዲያገኝ ትንሽ ዩሪያ፣ ከስር ደግሞ የዓሳ ማስቀመጫ የአየር ፓምፕ። በማግስቱ ስከፍተው አረቄ አረቄ ሸተተኝ፣ በጣም አዘንኩ፣ ምክንያቱም ስኳሩ አልኮል ሆኖ ሄደ ማለት ነው። ለካ የዳቦ እርሾ ስኳር ከበዛበት አየር እያለውም አልኮል ይሰራል፣ ሞላሰሱ በአንዴ ሳይሆን በጠብታ ነው የሚሰጠው፣ ፋብሪካዎቹም እንደዛ ነው የሚያደርጉት። ሁለተኛው ላይ ቀስ እያልኩ ሰጠሁት፣ አረፋው እስከ አፉ ወጣ፣ ሽታው የሊጥ ሆነ፣ ሳረጋው ከስር ቡናማ ነገር እንደ ወፍራም አጥሚት ተኛ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ሁሉ ነገር ከተሳካ ከ2 ኪሎ ሞላሰስ ግማሽ ኪሎ ደረቅ እርሾ ሊገኝ ይችላል፣ የእኔ ገና እዛ አልደረሰም።

ጥንቃቄ ግን አለው። የቀረ ዩሪያ እንዳይኖር ደጋግሞ ማጠብ፣ ከዛ በእሳት መግደል ያስፈልጋል፣ በህይወት ያለ እርሾ አይሰጥም። እርሾ ላይሲን በሚባለው የፕሮቲን መገንቢያ ሀብታም ነው፣ በቆሎ የሚያንሰውም እሱ ነው፣ ሜታዮኒን የሚባለው ሌላው መገንቢያ ግን ስለሚጎድለው ፋጉሎውን ሙሉ በሙሉ አይተካም፣ ከመኖው ትንሽ ድርሻ ብቻ ነው የምሰጠው።

ልቤን የሚበላው ግን ሲዳማና ይርጋጨፌ ነው፣ እሸት ቡና ማጠቢያዎቹ ጋ ከቀዩ ቡና ክብደት 40 በመቶ ያህሉ ገለፈት ሆኖ ይቀራል፣ ብዙው ተከምሮ ይበሰብሳል ወይ ወንዝ ይገባል። ካፌይንና ታኒን ስላለበት እንዳለ መኖ አይሆንም፣ ግን ከሱ ስኳሩን አጥቦ አውጥቶ ቶሩላ የሚባለውን እርሾ ማብላት ይቻላል፣ ቶሩላ የዳቦ እርሾ የማይነካቸውን አንዳንድ የተክል ስኳሮች ጭምር ይበላል። ቀጣዩ ሙከራዬ እሱ ነው።

እስከዛው 20 ቄቦች ለይቼ አስሩን በእርሾ፣ አስሩን በድሮው መኖ ይዣለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እመዝናቸዋለሁ።