75 ናኖሰከንዷ የት ገባች?

ትናንት ማታ የሁለቱ መሣሪያዎቼ ሰዓት ገጠመ! የኤሌክትሪክ ምልክትን በመስመር በሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ ላይ ቢጫውና ሰማያዊው መስመር ተደራርበው ሳይ ደስታዬን ለብቻዬ መያዝ አቃተኝ።

ሙዮን የተባሉ ከሰማይ የሚወርዱ ጥቃቅን ቅንጣቶችን የሚቆጥሩ ሁለት ትንንሽ መመርመሪያዎች እየሠራሁ ነው። ቅንጣቷ መቼ እንዳለፈች የሚናገረው ሰዓታቸው ካልተናበበ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። መጀመሪያ ሰዓቱን ከኢንተርኔት ወሰድኩ፤ ስህተቱ በሚሊሰከንድ የሚቆጠር ሆነ። ቀጥሎ በየሰከንዱ አንድ ምት የሚሰጡ ሁለት የጂፒኤስ መቀበያዎች ገዛሁ። እስከዚህ ቀላል ነው፤ መመሪያ ሞልቷል።

መከራው ከዚያ በኋላ መጣ። አንደኛው ምት ከሌላው 75 ናኖሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ) ገደማ ይዘገያል። የአንድ ሌሊት አማካይ ብወስድም ልዩነቱ ንቅንቅ አላለም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ኮዱን ስነካካ ከረምኩ። አንድ እሑድ ጣሪያ ላይ ወጥቼ የአንቴናዎቹን ኬብል በሜትር ለካሁ። አንዱ 20 ሜትር፣ ሌላው 5። ሲግናል በዚህ ዓይነት ኬብል አንድ ሜትር ለመሄድ 5 ናኖሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። 15 ሜትር በ5 ሲባዛ፣ አለቀ! መቀበያው የኬብሉን መዘግየት የሚሞሉበት ቦታ አለው፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ባዶውን ትቼዋለሁ።

ኦፔራ የተባለው የፊዚክስ ሙከራ ትዝ አለኝ። በ2011 እ.ኤ.አ. ከሰርን፣ ጄኔቫ አጠገብ ካለው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል፣ ወደ ጣሊያኑ ግራን ሳሶ ቤተ ሙከራ 730 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዙ ኒውትሪኖ የተባሉ ቅንጣቶች ብርሃንን በ60 ናኖሰከንድ ቀደሙ ተብሎ ነበር። በኋላ ሲፈተሽ አንድ የፋይበር (ብርሃን የሚያስተላልፍ ገመድ) ማያያዣ ጠብቆ አልገባም። የሚደርሰው ብርሃን ስለደከመ የሰዓቱ ምልክት 73 ናኖሰከንድ ገደማ ይዘገይ ነበር፤ ወደ ኋላ የቀረ ሰዓት ደግሞ ቅንጣቶቹን ቀድመው የደረሱ ያስመስላቸዋል። ሌላ የሰዓት ስህተት ደግሞ በተቃራኒው እየጎተተ ከፊሉን ሸፍኖታል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ውርደት ያወራዋል። እኔ አልስማማም። የራሳቸውን ገመድ ፈትሸው ጥፋቱን ለዓለም የተናገሩ ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ ኬብል ሳትለኩ ኮድ አትንኩ። አማካይ የሚያጠፋው ወዲህ ወዲያ የሚዋልለውን ስህተት ብቻ ነው፤ ቋሚውን አይነካውም።

አሁን ልቤ ያለው ዋይት ራቢት ላይ ነው። ሰርን የተጀመረ ዘዴ ነው፤ በኢተርኔት (የኮምፒውተር መረብ) ፋይበር ሰዓትን ከ1 ናኖሰከንድ ባነሰ ስህተት ያናብባል። የደርሶ መልሱን ጊዜ ራሱ እየለካ ያርማል። ችግሩ፣ በአንድ ፋይበር ሲሠራ መሄጃውና መመለሻው በተለያየ የብርሃን ሞገድ ስለሆነ ፍጥነታቸው እኩል አይደለም። የደርሶ መልሱን ጊዜ ለሁለት ማካፈል ብቻውን አይበቃም። ይህን ልዩነት በእጃችሁ ለክታችሁ የምታውቁ ካላችሁ፣ እባካችሁ እንዴት እንደሆነ ጻፉልኝ።

የኦሲሎስኮፑን ሁለት ገመዶች ደግሞ እስካሁን በዓይን ብቻ ነው ያስተያየሁት። ዛሬ ማታ ሜትሬን ይዤ እቀመጣለሁ።